ምጣዱ ከነዘረኝ በኋላ፦ ገላን፣ ፍርሃትንና ምጣዱን በየተራ የማየት መመሪያ

ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ 3 ሰዓት ገደማ። ሊጡ ኩፍ ብሎልኛል። ስድስተኛውን እንጀራ ሰፌድ ላይ አውጥቼ ምጣዱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ሳደርግ የእጄ ጀርባ ላሜራውን ነካ። ነዘረኝ። ከጣቴ እስከ ክርኔ ድረስ ውርር አድርጎኝ እጄ በራሱ ተፈናጥሮ ተመለሰ። አንድ ሰከንድ እንኳን አይሞላም። ባዶ እግሬን ነበርኩ፣ ወለሉም ሊጥ ፈሶበት ገና የወለወልኩት ነበር።

እጄን አገላብጬ አየሁት። ምንም የለውም። እኔ ግን ክው ብዬ ቀረሁ። ልቤ ትደልቃለች፣ ከንፈሬ ደርቋል፣ ጉልበቴ ውሃ ሆኗል። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ስተኛም ስነሳም የልቤን ምት ሳዳምጥ ከረምኩ።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ነገሩን ለጎረቤቶቼ ሳወራ አብዛኞቹ ምጣድ ወይ ምድጃ ወይ የሻወር ማሞቂያ ነዝሯቸው ያውቃል። ከነሱ መሀል እንደኔ ሌሊት ሲባንኑ የከረሙም አሉ፣ ግን ለማንም አልተናገሩም። ለነሱና ለእናንተ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ሐኪም አይደለሁም፣ ኤሌክትሪሺያንም አይደለሁም፤ ሁለቱንም ጠይቄ የተረዳሁትንና ራሴ ያደረግኩትን ነው በቅደም ተከተል የማስቀምጠው።

የመጀመሪያዋ ደቂቃ

ምጣዱን እንደገና አትንኩት። "እውነት ነዘረኝ ወይስ መስሎኝ ነው?" ብሎ በጣት ጫፍ መሞከር የብዙ ሰው ጠባይ ነው፣ እኔም እጄን ዘርግቼ ነበር። ተዉት። ስፒናውን ለመንቀልም አትቸኩሉ። እጃችሁ እርጥብ ነው፣ ወለሉ እርጥብ ነው፣ ስፒናው ራሱ ቀልጦ ሊሆን ይችላል። ቀጥ ብላችሁ ወደ ብሬከሩ ሂዱና ከዚያ አጥፉ። የምጣዱ ብሬከር የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ዋናውን አውርዱት፤ ፍሪጁ ለግማሽ ሰዓት ቢጠፋ ምንም አይሆንም። ከዚያ በኋላ እጃችሁን አድርቃችሁ፣ ጫማ አድርጋችሁ ስፒናውን ንቀሉ።

የተያዘው ሌላ ሰው ከሆነና እጁ አልላቀቅ ካለው በባዶ እጃችሁ እንዳትጎትቱት፣ እናንተንም ይይዛችኋል። ብሬከሩን አጥፉ። ብሬከሩ ሩቅ ከሆነ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ወይም በፕላስቲክ ወንበር ገፍታችሁ አላቁት። ራሱን ስቶ የማይተነፍስ ከሆነ አንድ ሰው 907 ይደውል፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፤ 939ም የእሳትና አደጋ መሥሪያ ቤቱ ነው። ሌላው ሰው ደረቱን መሀል ላይ በሁለት እጅ አጥብቆ መጫን ይጀምር፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ እርዳታ እስኪደርስ ሳያቋርጥ።

ይህ ግን የዛሬው ጉዳያችን አይደለም። የዛሬው ነዝሮ የለቀቃቸውን፣ ቆመው የሚሄዱትንና የሚያወሩትን፣ ግን ቀልባቸው የተገፈፈውን ሰዎች ነው።

አንድ ጊዜ፣ በደንብ፣ ወረቀት ይዞ መፈተሽ

ቁጭ በሉ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ፣ ስልክ ሳይሆን ወረቀት። የሚከተሉትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ጠይቁና "አዎ" ወይም "የለም" ብላችሁ ጻፉ። ምክንያቱን በኋላ ታዩታላችሁ።

ራሴን ስቼ ነበር? ለሰከንድም ቢሆን። ደረቴን አመመኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ወይም ልቤ ሥርዓት በሌለው መንገድ እየመታች አልረጋ አለችኝ? እጄ አልላቀቅ ብሎኝ ነበር? ስነዘር ወድቄ ጭንቅላቴን ወይም ወገቤን መታሁ? ቆዳዬ ላይ የተቃጠለ፣ የነጣ ወይም የጠቆረ ቦታ አለ? ክንዴ ወይም እግሬ ደንዝዞ ወይም ዝሎ ቀረ? ኮረንቲው በአንድ እጄ ገብቶ በሌላው እጄ ወጣ፣ ማለትም ሁለት እጄ ሁለት ብረት ይዞ ነበር? ነፍሰ ጡር ነኝ? የልብ ሕመም አለብኝ ወይስ ደረቴ ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ ተቀብሮልኛል? የነካሁት የቤት ኮረንቲ ሳይሆን የመንገድ መስመር ወይም ትራንስፎርመር ነበር?

አንዱም ቢሆን "አዎ" ከሆነ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂዱ፣ ነገ አትበሉ። መሀል ከተማ ላለ ሰው ጥቁር አንበሳ፣ ዘውዲቱና የካቲት 12 ድንገተኛ ክፍል አላቸው። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ምንም ባይሰማችሁም ሂዱ። የነዘረው ሕፃን ከሆነ፣ በተለይ ገመድ ነክሶ ከንፈሩ ላይ ቁስል ካለው፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሐኪም ማየት አለበት፤ እንዲህ ዓይነቱ የከንፈር ቁስል ከቀናት በኋላ ቅርፊቱ ሲነሳ ሊደማ ይችላል።

የተቃጠለ ቦታ ካለ ለ20 ደቂቃ ቀዝቀዝ ባለ የቧንቧ ውሃ አፍስሱበት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙናና ቡና አይቀባም። የኮረንቲ ቃጠሎ ከላይ ነጥብ አክሎ ውስጡ ሰፋ ሊል ስለሚችል ትንሽም ቢሆን ለሐኪም ይታይ።

ሁሉም "የለም" ከሆነ ወረቀቱ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉና ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት። ፈተናው አልቋል። ከዚህ በኋላ ወደ ሐኪም የሚያስኬዳችሁ አዲስ ምልክት ከመጣ ብቻ ነው። ምልክቶቹም ከላይ የጻፍናቸው ናቸው፣ በተጨማሪ እየባሰ የሚሄድ የጡንቻ ሕመም ወይም ኮካ የመሰለ ሽንት። በማግስቱ ክንድ ድክም ማለቱና ቀለል ያለ ሕመም ግን ያጋጥማል፤ ጡንቻው በዚያች ቅጽበት በኃይል ስለተኮማተረ ነው።

በወረቀት ያልኩት ለምን መሰላችሁ? ፍርሃት ሲይዘን ጥያቄው አያልቅም። የተጻፈ ነገር ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሄደን የምናነበው መልስ ይሆናል።

ኮረንቲው ገላ ውስጥ ይቀራል ወይ?

አይቀርም። ይህን ቀስ ብዬ ላስረዳ፣ የፍርሃቴ ሥር እዚህ ነበር።

እዚያው ጠዋት ጩኸቴን ሰምተው ጎረቤቶቼ መጡ። አንዷ "ወተት ጠጪ ልጄ፣ ወተት ያወጣዋል" አሉኝ። ሌላዋ "በባዶ እግርሽ አፈር ላይ ቁሚ፣ ይለቅሽ" አሉኝ። ለእኔ ብለው ነው፣ ደግነታቸውን አልረሳውም። ግን ሁለቱም ምክር አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ተከለብኝ፦ ኮረንቲው ውስጤ አለ ማለት ነው፣ መውጣት አለበት ማለት ነው።

ኮረንቲ ግን እንደ መርዝ ተጠጥቶ ገላ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። የሚያልፈው መንገዱ እስከተገናኘለት ድረስ ብቻ ነው፤ ከላሜራው በእጃችሁ ገብቶ በእግራችሁ ወደ መሬት ይሄዳል። እጃችሁ በተላቀቀበት ቅጽበት መንገዱ ይቆረጣል፣ ያልፋል፣ አለቀ። ወተቱን ከወደዳችሁት ጠጡት፤ የሚያስወጣው ነገር ግን የለም።

ታዲያ ለምን አንዱን ነዝሮ ይለቀዋል፣ ሌላውን ይገድለዋል? የሚወስነው በገላ ውስጥ ያለፈው የኮረንቲ መጠን፣ የቆየበት ጊዜና ያለፈበት መንገድ ነው። የቤታችን ኮረንቲ 220 ቮልት ነው። 1 ሚሊአምፔር አካባቢ ሲያልፍ ቆዳችን ሽው ሲል ይሰማናል። 10 ሚሊአምፔር ገደማ ሲደርስ ጡንቻ መጨበጥ ይጀምራልና እጅን ማላቀቅ ያቅታል። ከዚያ በላይ ከፍ ሲል፣ በተለይ በደረት በኩል ካለፈና ከቆየ፣ ትንፋሽንና ልብን ያውካል። ደረቅ ቆዳና ደረቅ ጫማ የሚያልፈውን በጣም ያሳንሱታል፣ እርጥበት ደግሞ ያበዛዋል። ስለዚህ "ትንሽ ነዘረኝ" የሚባለውን ነገር አትናቁት፣ ምጣዱ ያው ነው፤ ግን ለቋችሁ ከሆነና ወረቀታችሁ ላይ ሁሉም "የለም" ከሆነ ገላችሁ አልፎታል።

"ሌሊት ተኝቼ ልቤ ብትቆምስ?" የሚለው ጥያቄ የእኔም ነበር። ሐኪሙን ጠየቅኩት። የቤት ኮረንቲ የልብን አመታት ካወከ የሚያውከው በዚያችው ቅጽበት ወይም ወዲያው ነው አለኝ። ምንም ምልክት የሌለውን፣ የልብ ምርመራው፣ ማለትም ኢሲጂው፣ ደህና የሆነን ሰው ሐኪሞች አልጋ አያስይዙትም፣ ወደ ቤቱ ነው የሚልኩት። ኢሲጂ ራሱ ደረት ላይና እጅና እግር ላይ ነገር ለጥፈው ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ፣ የማያም ምርመራ ነው፤ ኮረንቲ አይሰጥም፣ የልባችሁን ብቻ ያነባል። ይህን ያልኩት እኔ ራሴ "ደግሞ ኮረንቲ ሊያገናኙብኝ ነው" ብዬ ፈርቼ ስለነበር ነው።

ያቺ የመጀመሪያ ሰዓት

አሁን የሚሰማችሁ ነገር ከየት እንደመጣ ማወቅ ግማሽ ሕክምና ነው። ስንደነግጥ ገላችን አድሬናሊን ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ አፍ ይደርቃል፣ ሆድ ይገለበጣል። ቶሎ ቶሎ ስንተነፍስ ደግሞ ደማችን ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና የጣታችን ጫፍና የከንፈራችን ዙሪያ ይወርረናል፣ ራስም ያዞራል።

ልብ በሉ፣ ጣት ይወርራል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ኮረንቲ የነዘረው ሰው ጣቱ ሲወርረው ምን ይላል? "ኮረንቲው አሁንም እጄ ላይ አለ" ይላል። የበለጠ ይፈራል፣ የበለጠ ቶሎ ይተነፍሳል፣ የበለጠ ይወርረዋል። እኔ በዚህ ክብ ውስጥ ስዞር ነው ያን ቅዳሜ ያመሸሁት። አንድ መለያ አለ፦ ያልነካችሁበትም እጅ የሚወርራችሁ ከሆነ፣ ከንፈራችሁም አብሮ ከሆነ፣ ትንፋሻችሁን ስታረጋጉ የሚለቅ ከሆነ፣ የአተነፋፈስ ጉዳይ ነው። በነካው እጅ ብቻ ለሰዓታት የሚቆይ መደንዘዝ ከሆነ ግን ለሐኪም ይታያል።

አተነፋፈሱ እንዲህ ነው። ወንበር ላይ ተደግፋችሁ ተቀመጡ፣ አንድ እጅ ሆድ ላይ። በአፍንጫ 4 እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ በአፍ 6 እየቆጠራችሁ አውጡ፣ ሻይ እንደምታቀዘቅዙ። ሆዳችሁ ይነሳ፣ ትከሻችሁ አይነሳ። አምስት ደቂቃ። መጀመሪያ ላይ "አልሠራም" ትላላችሁ፣ አታቋርጡ። የድንጋጤ ማዕበል ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና ከዚያ ይወርዳል። ምንም ባታደርጉም ይወርዳል፤ አተነፋፈሱ መውረጃውን ያቀልለታል እንጂ።

ቡና ግን ለዛሬ ይቅር። እኔን ሊያጽናኑ ጀበና ጣዱልኝ፣ አቦል ጠጣሁ፣ ቶና ጠጣሁ፣ በረካም አላለፈኝም። ከዚያ ልቤ ስትመታ ጥፋተኛው ምጣዱ መሰለኝ። ውሃ ጠጡ፣ የሆነ ነገር ቅመሱ፣ ካልተመታችሁና ካላዞራችሁ ወረድ ብላችሁ ትንሽ ተራመዱ።

ሌሊቱ፣ ስልኩና የልብ ምት

የመጀመሪያው ሌሊት ከሁሉም ይከብዳል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ እየቆጠርኩ ነበር። 88። ከዚያ 94። ከዚያ ስለፈራሁ 110። ጉግል ከፈትኩ፣ "ኮረንቲ የነካው ሰው ከስንት ቀን በኋላ ይሞታል" ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ነገር ምን ዓይነት መልስ እንደሚያመጣ ታውቁታላችሁ። ቲክቶክ ደግሞ አንዴ ካየሁት በኋላ በየሰዓቱ አንድ የኮረንቲ አደጋ ያመጣልኝ ጀመር።

ሰኞ ሆስፒታል ሄድኩ። ኢሲጂ ተነሳሁ፣ ደህና ነሽ ተባልኩ። ነፍሴ መለስ አለች። እስከ ማታ 2 ሰዓት። ከዚያ "ማሽኑ ባያየውስ?" አልኩ። ሐሙስ ሌላ ክሊኒክ ሄጄ ደግሜ ከፈልኩ። እዚያ ያገኘኋት ሐኪም ውጤቱን አየችና ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ። "በቀን ስንት ጊዜ ነው የልብ ምትሽን የምትቆጥሪው?" አፈርኩ። አርባም ሃምሳም ጊዜ ይሆናል። "እስኪ እሱን እናክም" አለችኝ።

ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። ስንቆጥር ለአፍታ ቅልል ይለናል፣ አእምሯችንም "ስለቆጠርሽ ነው የዳንሽው" ብሎ ይመዘግበዋል። ቀጥሎ ሲጨንቀን እንደገና ቁጠሪ ይለናል። ደጋግመን ባዳመጥነው ቁጥር ደግሞ ድሮም የነበረውን ነገር ሁሉ እንሰማለን። ጤነኛ ልብ አልፎ አልፎ አንድ ምት ይዘላል። ያረፈ አዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል፣ አራተኛ ፎቅ ደረጃ ወጥቶ ለቆመ ሰው ከዚያ ቢያልፍ ጤና ነው። እኔ ከገበያ ዘንቢል ተሸክሜ ገብቼ በሩ ላይ ቆሜ ስቆጥር ነበር፣ ምን ትሁን ልቤ?

ያደረግኩትን ልንገራችሁ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው።

መጀመሪያ ቆጠራውን በቀን ሁለት ጊዜ አደረግሁት፣ ጠዋት ከቁርስ በፊትና ማታ 1 ሰዓት፣ ተቀምጬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። በሦስተኛው ቀን አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ዜሮ። በመሀል እጄ ወደ አንገቴ ሲሄድ "10 ደቂቃ ቆይቼ" እለዋለሁ። አልቆጥርም ብዬ ስምል አልቻልኩም፣ ማቆየት ግን ቻልኩ። 10 ደቂቃው ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ፍላጎቱ ራሱ የለም።

ሁለተኛ፣ ሲጨንቀኝ የምጽፍበት ደብተር ያዝኩ። የሚመጣውን ሐሳብ በአንድ መስመር እጽፍና እተወዋለሁ። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ 15 ደቂቃ ተቀምጬ እሱን ብቻ አስባለሁ፣ እንደፈለግኩ እጨነቃለሁ። 15ቱ ሲያልቅ ደብተሩ ይዘጋል። ሳየው ያ ሁሉ የጻፍኩት አንድ ሐሳብ ነው፣ ልብሱን እየለዋወጠ የመጣ።

ስልኩን ሌሊት ሳሎን አስቀምጡት። ማንቂያ ከፈለጋችሁ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙ። ቲክቶኩ ላይ ያን ዓይነት ቪዲዮ ሲመጣ ተጭናችሁ "አልፈልገውም" በሉት፣ በጥቂት ቀን ይቀንሳል።

ሌላው ሰው ማስጨነቅ ነው። እኔ እማዬን በቀን አምስት ጊዜ እየደወልኩ "ደህና ነኝ አይደል?" እላት ነበር። "ደህና ነሽ ልጄ፣ አይዞሽ" ትለኛለች። ስልኩ ሲዘጋ ይጨንቀኛል፣ እሷንም እንቅልፍ ነሳኋት። በኋላ ተስማማን። ስጠይቃት "ወረቀቱ ላይ ምን ይላል?" ብቻ ትለኛለች፣ ከዚያ ወሬ ትቀይራለች። እናንተም ለአንድ ሰው ይህን ንገሩት። ቤት ውስጥ እንዲህ የሆነ ሰው ያላችሁ ደግሞ አታሹፉበት፣ "ዝም ብለሽ ነው" አትበሉት፤ ሃያ ጊዜም አታጽናኑት። አንዴ አጽናኑትና አብራችሁት ሽንኩርት ላጡ።

ሕመምተኛው ምጣዱ ነው

በሚቀጥለው ቅዳሜ እህቴ ልትጋግርልኝ መጣች። እኔ አልጋ ላይ ነኝ። ኩሽና ውስጥ ገመድ ሲጎተት ሰማሁ። ያንኑ ምጣድ ልትሰካ ነው! ሮጬ ደረስኩ።

ሳምንት ሙሉ፣ ሁለት ሆስፒታል፣ ሁለት ኢሲጂ፣ የልብ ምት ስቆጥር፤ ምጣዱን ገልብጬ አላየሁትም። ጥፋቱ ያለው እሱ ላይ ሆኖ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ገላችሁን አንዴ ከፈተሻችሁ በኋላ እጃችሁን ወደ ዕቃው አዙሩት፣ በዚያው ቀን።

በቅድሚያ ምጣዱን ለማንም እንዳይሰካ አድርጉት። ስፒናው ላይ ወረቀት በናስትሮ ጠቅልሉበት፣ "ይነዝራል" ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ፤ "ሽቦ ብቻ ነው" የሚል የሠፈር ልጅ አይበቃም።

እኛ ቤት የመጣው ኤሌክትሪሺያን ምጣዱን ወለሉ ላይ ገለበጠውና የታችኛውን ላሜራ በካቻቢቴ ፈታው። አጎንብሼ አየሁ። የደረቀ ሊጥ ቅርፊት አለ፣ እንደ ዛፍ ልጥ የተላጠ። ሸክላው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች፣ ሊጡ በሷ ነው የወረደው። ሽቦው ከገመዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ደግሞ ሽቦውን ከላሜራው የሚያርቀው ነጭ የሸክላ ዶቃ ተሰብሮ ግማሹ የለም። የሽቦው ጫፍ ላሜራው ላይ ተደግፏል። "ይኸው እህቴ፣ አንቺን የነካሽ ይህቺ ናት" አለኝ። ትንሽ፣ ጥቁር፣ የተጣመመች ጫፍ። እሷን ካየሁ በኋላ የሆነ ነገር ከደረቴ ላይ ተነሳ። እስከዚያ ድረስ የፈራሁት ስም የሌለው ነገር ነበር።

የሚከተሉትን እሱ ካደረገውና ከነገረኝ ነው የምነግራችሁ።

ገመዱን እዩ። የእኛው ሁለት ሽቦ ብቻ ነበረው። በሦስት ሽቦ ቀየረው፤ ቢጫና አረንጓዴው የመሬት ሽቦ ነው፣ ላሜራው ላይ ይታሰራል። ሽቦ ተላቆ ላሜራውን ቢነካ ኮረንቲው በእናንተ ከሚሄድ በሱ እንዲሄድ ነው። ግን ሶኬቱ ራሱ ከመሬት ጋር ካልተገናኘ ሦስተኛው ሽቦ ጌጥ ነው። ሶኬቱን አስከፍታችሁ አስለኩ። በእኛ ሶኬት የመሬት ሽቦው ከኋላ ታጥፎ ተቀምጦ ነበር፣ ማንም አላሰረውም።

ዲቫይደር ላይ ምጣድ አይሰካም። 3 ኪሎዋት ተኩል የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፣ ቀጭን ዲቫይደር ይግላል፣ ይቀልጣል። የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው።

ብሬከር ካነሳን፣ ብዙዎቻችን "ብሬከር አለኝ፣ ቢነዝረኝ ይቆርጣል" እንላለን። አይቆርጥም። ተራ ብሬከር የሚቆርጠው ሽቦው ከመጠን በላይ ሲጫን ወይም ሁለት ሽቦ ሲገናኝ ነው፣ የሚያውቀው 16 አምፔር፣ 20 አምፔር ነው። ሰውን የሚጎዳው ግን ሚሊአምፔር ነው። ለሰው የተሠራው አርሲዲ የሚባለው ነው፣ የሚሾልክ ኮረንቲ ሲያገኝ በቅጽበት ይቆርጣል፣ ለቤት የሚሆነው 30 ሚሊአምፔር የሚል ተጽፎበታል። ፊቱ ላይ "ቴስት" የሚል ትንሽ ቁልፍ አለ፣ በየወሩ ተጭናችሁ መቁረጡን እዩ። ገንዘብ ያወጣል፣ እውነት ነው። ለሁለተኛው ክሊኒክ የከፈልኩትን ለእሱ ባወጣሁት ኖሮ ብዬ ተቆጭቻለሁ።

ሸክላው ከተሰነጠቀ አይጠገንም፣ ይቀየራል። ጀሶ ቀብቶ የሚመልስላችሁን አትመኑ፣ ሊጡ ያው ይወርዳል። ቤት ውስጥ ፍሪጁም ማሽኑም ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የመስመሩ ሊሆን ይችላል፣ ቤቱ በሙሉ ይታይ። ከቆጣሪው ወይም ከምሰሶው በኩል ከሆነ 905 ለመብራት ኃይል ይደወላል፣ ራሳችሁ አትንኩት።

ወደ ምጣዱ መመለስ

ምጣዱ ተሠርቶም እኔ ኩሽና መግባት አልቻልኩም። ሁለት ቀን እንጀራ ገዛን። መግዛቱ ነውር የለውም፣ ግን ባልገባሁ ቁጥር ፍርሃቱ እየከረረ መጣ። ስለዚህ በደረጃ አደረግነው። ሰኞ ምጣዱ ጠፍቶ፣ ተነቅሎ፣ እጄን ላሜራው ላይ አሳርፌ ቆየሁ፣ ልቤ እስክትረጋ። ማክሰኞ እህቴ ሰክታ አበራችው፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሻይ ጠጣሁ። ረቡዕ፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ደረቅ ጫማ አድርጌ፣ እጄን በደረቅ ፎጣ ጠርጌ፣ ላሜራውን አንድ ጊዜ በቴስተር አይቼ አንድ እንጀራ ጋገርኩ። አንድ ብቻ። ዓይኑ ጥሩ አልወጣም፣ ሊጡም ኮምጥጦ ነበር። በላነው።

ቴስተሩን አንድ ጊዜ ነው ያልኩት። ከመጀመራችሁ በፊት አንዴ ማየት ጥንቃቄ ነው። በየእንጀራው መሀል ማየት ከጀመራችሁ ያው የልብ ምት ቆጠራው በሌላ መልክ መጥቷል ማለት ነው፣ በዚያው መንገድ ቀንሱት። ምጣዱ ሲሰካ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ግን ለዘለዓለሙ ይቅር። ንቀሉ፣ ጥረጉ፣ መልሳችሁ ሰኩ።

አልለቅ ካለ

ሁለት ሦስት ሳምንት አልፎ አሁንም እንቅልፍ ከነሳችሁ፣ ሥራ ካስቀራችሁ፣ ከምጣዱ አልፎ ቻርጀርና አምፖል መንካት ካስፈራችሁ፣ ሐኪም ጋ የሚያስኬድ በቂ ምክንያት ነው። በሠፈራችሁ ጤና ጣቢያ ጀምሩ። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለዚሁ የቆመ ነው፣ ጥቁር አንበሳም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። አማኑኤል ሲባል የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው፤ ጭንቀት ይዞት ተመላልሶ የሚታከም፣ ታክሞ ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው ግን እዚያ በየቀኑ አለ። ጸበል የምትጠመቁም ተጠመቁ፣ ሐኪሙንም እዩ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ስትገቡ ከየት እንደምትጀምሩ ከጠፋችሁ ይህን በሉ፦ "ከሦስት ሳምንት በፊት ምጣድ ነዝሮኝ ነበር። ራሴን አልሳትኩም፣ የልብ ምርመራውም ደህና ነው። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም፣ በቀን ይህን ያህል ጊዜ የልቤን ምት እቆጥራለሁ።" ቁጥሩን እውነተኛውን ንገሯቸው። የመጀመሪያው ቀን የጻፋችሁትን ወረቀትም ይዛችሁ ሂዱ።